ቁጥሩ ትክክል፣ ቦታው ስህተት

አክስቴ የኤሌክትሪክ ምጣዷን ሰክታ ሊጧን ታማስላለች። እኔ አጠገቧ ዱካ ላይ ተቀምጬ በጨረር የሚሠራ የሙቀት መለኪያ ይዣለሁ። ጭኔ ላይ የዘረጋሁት ወረቀት ምጣዱን የሚወክል ክብ ተስሎበታል፤ በክቡ ላይ 61 ነጥቦች አሉ፤ አንዱ መሃል ላይ፣ የቀሩት በ4 ቀለበት ዙሪያውን። መለኪያውን በየነጥቡ አነጣጥሬ የሚያሳየኝን እጽፋለሁ። ከሸክላው ሥር በቦይ የተጠማዘዘው ሽቦ የሚያልፍበት ቦታ ቀድሞ ይግላል፤ በሽቦና በሽቦ መካከል ያለው ይዘገያል፤ ጠርዙ ከሁሉም ኋላ ይደርሳል።

አክስቴ መለኪያ አያስፈልጋትም። ምጣዱ መስማቱን የምታውቀው የቀኑን ሊጥ ከማፍሰሷ በፊት ጥቂት ጠብ አድርጋ፣ ዓይን ማውጣቱንና አለማውጣቱን አይታ ነው። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነበር። ሙቀቱ ከሽቦው ወደ ጠርዙ እንዴት እንደሚጓዝ በኮምፒውተር አስልቼ ማየት ፈለግሁ። ለዚህም የምጣዱ መነሻ ሙቀት ያስፈልገኝ ነበር።

ያን ምሽት 61ዱን ቁጥሮች በጻፍኳቸው ቅደም ተከተል ወደ ፕሮግራሙ አስገባሁ። ፕሮግራሙ አላጉረመረመም። ከፍተኛውን ሙቀት ጠየቅሁት፤ ከወረቀቴ ጋር ገጠመ። ዝቅተኛውን ጠየቅሁት፤ ገጠመ። አማካዩንም እንዲሁ። ሥዕሉን ስከፍተው ግን ምጣዱ ዥጉርጉር ሆኖ መጣ። ጠርዙ ላይ የጋለ ነጥብ፣ መሃሉ ላይ የቀዘቀዘ፣ ከጎኑ ደግሞ የጋለ። እንዲህ ያለ ምጣድ የለም።

ከቁጥሮቹ አንድም አልጠፋም፤ አንድም አልተለወጠም። የተሳሳተው የተቀመጡበት ቦታ ነበር።

ስሌት የሚሠሩ መሐንዲሶች፣ የሒሳብ ተማሪዎችና ተመራማሪዎች ይህን ችግር በየጊዜው ይገጥሙታል። «ለቬክተሩ ዋጋ መስጠት» የሚሉት ይህ ቁጥሮችን በቦታቸው የማስቀመጥ ሥራ ሲነገር የአንድ መስመር ትእዛዝ ነው። ከዚያ መስመር በስተጀርባ ግን አንድ ቁጥር ምን ሲሆን ትርጉም እንደሚኖረው የሚወስን ሰፊ አሠራር አለ።

ትልቁን በትንንሹ

ፋይናይት ኤለመንት የሚባለውን ዘዴ ስሙን የሰማ ብዙ ነው። የድልድይ፣ የግድብ፣ የአውሮፕላን ክንፍ ስሌት በተነሳ ቁጥር ይጠራል። ሐሳቡ ለመረዳት አይከብድም። አንድን አካል እንዳለ ማስላት ሲያስቸግር ወደ ትንንሽ ቁርጥራጮች ይከፈላል፤ ብዙውን ጊዜ ወደ ጎነ ሦስቶች። በእያንዳንዱ ቁራጭ ውስጥ ሙቀቱ ወይም መለመጡ በቀላል መንገድ እንደሚለወጥ ይታሰባል። ከዚያ ቁርጥራጮቹ በጋራ ጫፎቻቸው ይገጣጠሙና አንድ ትልቅ የእኩልታዎች ስብስብ ይሆናሉ። ኮምፒውተሩ የሚፈታው ያንን ነው።

ሒሳበኛው ሪቻርድ ኩራንት አካልን በጎነ ሦስት ከፍሎ ማስላትን እ.ኤ.አ. በ1943 ባሳተመው ጽሑፍ አሳይቶ ነበር። በምህንድስናው በኩል ደግሞ ተርነር፣ ክላፍ፣ ማርቲንና ቶፕ በ1956 ያወጡት ጽሑፍ የአውሮፕላን መዋቅርን ጥንካሬ በዚሁ መንገድ አሰላ። ስሙን ያወጣለት ሬይ ክላፍ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960። «ፋይናይት» ማለቱ ቁርጥራጮቹ ትንሽ ቢሆኑም መጠን ያላቸው፣ ተቆጥረው የሚያልቁ መሆናቸውን ለመግለጽ ነው።

ተቆጥረው የሚያልቁ መሆናቸው ትልቅ ነገር ነው። በምጣዱ ላይ ያለው ሙቀት በየነጥቡ ይለያያል፤ ነጥቦቹም ማለቂያ የላቸውም። ዘዴው ያን ማለቂያ የሌለውን ነገር በተቆጠሩ ቁጥሮች ይወክለዋል። በእኔ ምጣድ 61 ናቸው፤ በትልቅ ግድብ ሚሊዮኖች ሊሆኑ ይችላሉ። ቁጥሮቹ በአንድ ረድፍ ተሰልፈው ይቀመጣሉ። ያ ረድፍ ቬክተር ይባላል።

ዱሮ መሐንዲሱ ይህን ሁሉ ራሱ ይጽፍ ነበር። ዛሬ ሌሎች ጽፈው፣ ፈትሸውና አሰናድተው ያስቀመጡት የፕሮግራም ክፍል አለ፤ ላይብረሪ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2003 በስዊድኑ ቻልመርስና በአሜሪካው ቺካጎ ዩኒቨርሲቲዎች የተጀመረው ፌኒክስ አንዱ ነው። ጀርመን ሃይድልበርግ ላይ የተወለደው ዲል ቱ ሌላው ነው። ሁለቱም በነጻ ይወርዳሉ፤ ለፈቃድ የሚከፈል የለም። ለውድ ሶፍትዌር የሚከፍለው ለሌለው ተማሪ ይህ ትልቅ በር ነው። ላፕቶፑና ትዕግሥቱ ካለው ዓለም የሚሠራበትን መሣሪያ ቤቱ ቁጭ ብሎ ይጠቀማል።

ረድፉ ስለ ራሱ አያውቅም

ፌኒክስ ውስጥ የምጣዱ ሙቀት «ፈንክሽን» የሚባል ነገር ሆኖ ይቀመጣል። ይህ ፈንክሽን ሁለት ነገሮችን ይይዛል። አንዱ ካርታው ነው፤ የትኛው ጎነ ሦስት የት እንዳለ፣ በየጎነ ሦስቱ ውስጥ ለውጡ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ የትኛው ቁጥር የየትኛው ቦታ እንደሆነ የሚናገረው። ሁለተኛው ቬክተሩ ነው፤ የቁጥሮቹ ረድፍ ብቻ።

ቬክተሩ ስለ ራሱ የሚያውቀው የለም። ሙቀት ይያዝ ግፊት፣ ምጣድ ይወክል ግድብ አያውቅም። በ17ኛው ቦታ ላይ 190 የሚል ቁጥር ካለ አለ፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አይነግረንም። 190ው የጠርዙ ሙቀት ይሁን የመሃሉ የሚናገረው ካርታው ነው። ካርታውን ሳይጠይቅ በቀጥታ ቬክተሩ ላይ የሚጽፍ ሰው፣ ስም ያልተጻፈበትን ጆንያ ወፍጮ ቤት ደርድሮ እንደሄደ ሰው ነው። እህሉ ይፈጫል። ዱቄቱ የማን ቤት እንደሚገባ ግን አይታወቅም።

«ቬክተሩ የሚያውቀው ቁጥር ነው፤ ቦታውን የሚያውቀው ካርታው ነው።»

እያንዳንዱ ቁጥር ምን እንደሚያደርግ በዓይን ማየት ይቻላል። የ61ዱን ሁሉ ዋጋ ዜሮ አድርጉና አንዷን ብቻ 1 አድርጓት። ሥዕሉን ስትከፍቱ ሜዳ መሃል የቆመች ጎጆ ታያላችሁ። ጉልላቷ 1 የሰጣችሁት ነጥብ ላይ ነው፤ ጣራዋ በዙሪያዋ ባሉት ጎነ ሦስቶች ላይ እየተንሸራተተ ወርዶ በጎረቤት ነጥቦች ላይ ዜሮ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። የምጣዱ ሙቀት በሙሉ የእነዚህ የ61 ጎጆዎች ድምር ነው፤ ቬክተሩ የየጎጆዋን ከፍታ ይይዛል። ለቬክተር ዋጋ መስጠት ማለትም የየጎጆዋን ከፍታ መወሰን ማለት ነው። እያንዳንዱ እንዲህ ያለ ቁጥር በሙያው ቋንቋ «ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም» ይባላል፤ ባጭሩ «ዶፍ» ይሉታል።

ሁለት ዓይነት ተራ

የእኔ ስህተት የመጣው ከሁለት ዓይነት ተራ ቁጥር ነው። የጎነ ሦስቶቹ መረብ፣ ሜሽ የሚባለው፣ ለጫፎቹ የራሱን ተራ ይሰጣል፤ መጀመሪያ የተጻፈው ጫፍ መጀመሪያ ይቆጠራል። ላይብረሪው ደግሞ ለዶፎቹ ሌላ ተራ ያወጣል። የጫፍ ቁጥር 5 እና የዶፍ ቁጥር 5 ተመሳሳይ ቦታ ላይ ይሆናሉ ብሎ ዋስትና የሚሰጥ የለም። እኔ በጫፎቹ ተራ የጻፍኳቸውን ቁጥሮች በዶፎቹ ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው።

አዲስ ተማሪ ይህን ሲሰማ ይናደዳል። ለምን አንድ አያደርጉትም? ላይብረሪ የሚጽፉ ሰዎች ግን በቂ ምክንያት አላቸው። ኮምፒውተር ከማስታወሻው ቁጥር ሲያመጣ ጎን ለጎን የተቀመጡትን አብሮ ማምጣት ይቀለዋል። በምጣዱ ላይ ጎረቤት የሆኑ ነጥቦች በረድፉም ጎረቤት ቢሆኑ ስሌቱ ይፈጥናል፤ ትልቁ የእኩልታ ሠንጠረዥም ጠበብ ብሎ ይሰበሰባል። ኤልዛቤት ከትሂልና ጄምስ መኪ እ.ኤ.አ. በ1969 ጎረቤቶችን የሚያቀራርብ ተራ የማውጫ ዘዴ አቅርበው ነበር፤ ዛሬም በስማቸው ይጠራል። ላይብረሪው ተራውን የሚቀያይረው ተጠቃሚውን ለማደናገር ሳይሆን ሥራውን ለማፋጠን ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። ዶፍ ሁልጊዜ ጫፍ ላይ አይቀመጥም። አንድ ካሬ ወስደን በ8 በ8 እንከፋፍለውና እያንዳንዱን ትንሽ ካሬ በሰያፍ መስመር ለሁለት እንቁረጠው። 128 ጎነ ሦስቶች፣ 81 ጫፎች እናገኛለን። በየጎነ ሦስቱ ውስጥ ለውጡ ቀጥ ያለ ነው ካልን ዶፎቹም 81 ናቸው። ለውጡ ጎበጥ እንዲል ከፈቀድን ግን በየጎነ ሦስቱ ጎን መካከል አንድ አንድ ዶፍ ይጨመርና 289 ይሆናሉ። 81 ቁጥር የያዘ ሰው ለ289 ወንበር የሚበቃ የለውም፤ የጫፎቹ ተራም ቀሪዎቹን ስለማያውቃቸው አይረዳውም።

የሚለካው ነገር አቅጣጫ ካለው ደግሞ ጉዳዩ ይጠልቃል። የድልድይ መለመጥ ወደ ጎንና ወደ ታች ስለሆነ ለያንዳንዱ ነጥብ ሁለት ቁጥር ይያዛል። አንዳንድ ላይብረሪ የአንዱን ነጥብ ሁለቱን ቁጥሮች አጣምሮ ያስቀምጣል፤ ሌላው የጎኖቹን ሁሉ አስቀድሞ የታቾቹን ያስከትላል። ይህን ሳያጣራ የጻፈ ሰው ድልድዩ ወደ ታች የለመጠውን ወደ ጎን ሊያደርገው ይችላል። የፈሳሽ ስሌት ሲመጣ ፍጥነትና ግፊት በአንድ ረድፍ ውስጥ ተደባልቀው ይቀመጣሉ። በዚያው በ128 ጎነ ሦስት ካሬ ላይ ለፍጥነቱ ጎበጥ ያለውን፣ ለግፊቱ ቀጥ ያለውን ብንመርጥ 578 የፍጥነትና 81 የግፊት ቁጥሮች፣ በድምሩ 659 ይሰለፋሉ። የትኛው የትኛው እንደሆነ በዓይን መለየት የሚችል ሰው የለም።

ዋጋ የሚሰጥባቸው መንገዶች

በሥራው የቆዩ ሰዎች ለጀማሪ የሚመክሩት ከሁሉ አስቀድሞ ቬክተሩን በእጅ አለመንካትን ነው። የመነሻው ሙቀት በቀመር የሚገለጽ ከሆነ ቀመሩን ለላይብረሪው መስጠት ይበቃል። ላይብረሪው ራሱ በየዶፉ ቦታ ቀመሩን እያሰላ ዋጋውን በየወንበሩ ያስቀምጣል። ኢንተርፖሌሽን ይሉታል። ካርታውን የሚያነበው ባለቤቱ ስለሆነ ተራ የማዛባት ዕድል የለም።

ቀመር ከሌለና እንደ እኔ የተለካ ቁጥር ብቻ ካለ መሸጋገሪያ ያስፈልጋል። ፌኒክስ በቀድሞው አሠራሩ «የዚህ ጫፍ ዶፍ የትኛው ነው» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ሠንጠረዥ ነበረው። ሌላው መንገድ የየዶፉን ቦታ ከላይብረሪው ጠይቆ፣ በዚያ ቦታ ላይ የተለካውን ቁጥር ከወረቀቱ ፈልጎ ማስቀመጥ ነው። እኔ በመጨረሻ ያደረግሁት ይህንን ነው። ረዘም ይላል፤ ግን ለእያንዳንዱ ቁጥር «አንተ የት ነህ?» ብሎ ጠይቆ ስለሚያስቀምጥ ተራው እንዴትም ቢቀያየር አይሳሳትም።

መረጃው ከሌላ ሜሽ ወይም ከሌላ ዓይነት ቁራጭ ሲመጣ ፕሮጀክሽን የሚባለው አለ። ይህ በየነጥቡ እኩል ለማድረግ አይሞክርም፤ በአካሉ ላይ ተሰብስቦ ሲታይ ከዋናው በጣም የሚቀርበውን ይፈልጋል፤ ለዚያም አንድ አነስተኛ የእኩልታ ስብስብ ይፈታል። ዋጋው ድንገት የሚዘልበት ቦታ ሲኖር ፕሮጀክሽን በዝላዩ ዙሪያ ከዋናው ከፍ ወይም ዝቅ የሚል ቁጥር ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ ከ25 ዲግሪ በታች የሆነ ነጥብ የሌለውን ምጣድ 22 ዲግሪ የሆነ ነጥብ ሲያሳይ ያየ ሰው መደንገጥ የለበትም፤ የተጠቀመበትን መንገድ ግን ማወቅ አለበት።

ማሰሮውና ስሙ

ሌላው ጠንቅ ጊዜ ሲጨመር ይመጣል። ምጣዱ እየጋለ የሚሄድበትን ሒደት ለማስላት የአሁኑን ደቂቃ ሙቀት ከቀደመው ደቂቃ ማስላት ያስፈልጋል። አንድ እርምጃ ባለቀ ቁጥር አዲሱ ውጤት የአሮጌውን ቦታ ይወስዳል። እዚህ ላይ ፓይተን በሚባለው ቋንቋ የሚጽፍ ጀማሪ «አሮጌ እኩል ይሆናል አዲስ» ብሎ ይጽፋል።

ቁጥሮቹን የያዘውን ዕቃ ማሰሮ ብንለው፣ በፓይተን ይህ መስመር አንዱን ማሰሮ ወደ ሌላው አይገለብጥም። ለአዲሱ ማሰሮ ተጨማሪ ስም ያወጣለታል። ስሌቱን የያዘው እኩልታ ግን ሲጻፍ ያየውን የመጀመሪያውን ማሰሮ እንደያዘ ነው፤ ስሙ ወደ ሌላ መዞሩን አያውቅም። ስለዚህ ሰዓቱ ይቆጥራል፣ ኮምፒውተሩ ይደክማል፣ በየእርምጃው ግን ከዚያው ከመነሻው ሙቀት ይጀምራል። ምጣዱ አንድ እርምጃ ግሎ እዚያው ይቆማል። ትክክለኛው ትእዛዝ የአዲሱን ማሰሮ ይዘት ወደ አሮጌው ማሰሮ የሚገለብጠው ነው።

የዚህ ተቃራኒም አለ። በቀድሞው ፌኒክስ ቁጥሮቹን አውጥቶ ለማየት የሚያገለግለው ትእዛዝ የሚሰጠው ቅጂ ነበር። በቅጂው ላይ የቱንም ያህል ቢጻፍ ዋናው ቬክተር አይነካም። ዋጋ እየሰጠ ያለ የሚመስለው ተማሪ ጠቅላላ ድካሙ ሌላ ዕቃ ውስጥ ይፈስሳል። በአዲሱ የፌኒክስ ትውልድ ደግሞ የሚገኘው መስኮት በቀጥታ ወደ ዋናው ያሳያል፤ የተጻፈው ሁሉ ይደርሳል። የአሮጌውን መማሪያ ለአዲሱ የሚጠቀም ሰው ይህን ልዩነት ካላወቀ ይቸገራል።

«ላይብረሪው የሚሠራው የተጻፈለትን ነው፤ ያሰብነውን የምናውቀው እኛ ብቻ ነን።»

መተካትና መደመር

እድር ውስጥ ሁለት ዓይነት መዝገብ አለ። በአንዱ የአባሉ ስልክ ይጻፋል፤ አዲስ ሲመጣ አሮጌው ይሰረዛል። በሌላው መዋጮ ይጻፋል፤ አዲሱ በአሮጌው ላይ ይደመራል። ሁለቱን ያምታታ ጸሐፊ እድሩን ያፈርሳል።

ቬክተርም እንዲሁ ነው። ዋጋ ስንሰጥ ወይ የነበረውን እንተካለን ወይ በነበረው ላይ እንደምራለን። የምጣዱ መነሻ ሙቀት ይተካል። ሽቦው የሚሰጠው ሙቀት ግን ከየጎነ ሦስቱ እየመጣ በጋራ ጫፎች ላይ ይደመራል፤ አንድ ጫፍ 6 ጎነ ሦስቶች ቢጋሩት ስድስቱም የድርሻቸውን ያዋጣሉ። መደመር ሲገባው የተተካ ከሆነ የመጨረሻው ጎነ ሦስት ድርሻ ብቻ ይቀራል፤ የአምስቱ መዋጮ ይጠፋል። ምጣዱ ይግላል፤ ግን በውሸት ሙቀት ይግላል።

በአሜሪካ አርጎን ቤተ ሙከራ የተሠራውና ብዙ ላይብረሪዎች ከሥራቸው የሚጠቀሙበት ፔትሲ ይህን ልዩነት በግልጽ ያስጽፋል። ለእያንዳንዱ ጽሑፍ «ተካ» ወይም «ደምር» መባል አለበት። ከአንዱ ወደ ሌላው ከመሸጋገርም በፊት የተጻፈው ተሰብስቦ መዘጋት አለበት። ዲል ቱም ተመሳሳይ መዝጊያ ትእዛዝ አለው።

መዝጊያው ለምን እንዳስፈለገ የሚገባው ሥራው ለብዙ ፕሮሰሰር ሲከፋፈል ነው። ምጣዱ ለ4 ፕሮሰሰር ቢከፋፈል እያንዳንዱ የራሱ የሩብ ድርሻ ባለቤት ይሆናል። በድንበር ላይ ያሉትን የጎረቤት ቁጥሮች ደግሞ ለማየት ያህል ቅጂ ይይዛል። ባለቤቱ ዋናውን ሲለውጥ የጎረቤቱ ቅጂ በራሱ አይታደስም። «አድርስ» የሚል ትእዛዝ ካልተሰጠ አንደኛው ፕሮሰሰር የዛሬን፣ ሁለተኛው የትናንትን ሙቀት ይዞ ይሠራል። ይህን ስህተት አስቸጋሪ የሚያደርገው በአንድ ፕሮሰሰር ሲሞከር አለመታየቱ ነው። ተማሪው በላፕቶፑ ሞክሮ ረክቶ ወደ ትልቁ ማሽን ሲሄድ ብቻ ይገለጣል።

ስታቫንገር አጠገብ

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 23 ቀን 1991 ኖርዌይ ውስጥ ስታቫንገር አጠገብ ባለ ፊዮርድ፣ ስሌይፕነር ኤ የተባለው የነዳጅ ማውጫ የኮንክሪት መሠረት ለሙከራ ቀስ በቀስ ወደ ውሃ እየወረደ ነበር። ሲጠናቀቅ በሰሜን ባሕር 82 ሜትር ጥልቀት ላይ ሊቆም የታሰበ ነበር። የአንዱ ክፍል ግድግዳ ተሰነጠቀ። ውሃው ከፓምፖቹ አቅም በላይ ገባ፤ መሠረቱ ሰምጦ የፊዮርዱን ወለል ሲመታ የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያዎች 3 ያህል መዘገቡ። ሰው አልሞተም። ጥፋቱ ግን በ700 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተገምቷል።

ምርመራው ወደ ፋይናይት ኤለመንት ስሌቱ መራ። ስሌቱ የተሠራው በሰፊው በሚታወቀውና በተፈተነው ናስትራን ነበር። ፕሮግራሙ አልተበላሸም። ሦስት ክፍሎች በሚገናኙበት አካባቢ ሜሹ ሻካራና ቅርጹ የተዛባ ስለነበር ግድግዳው የሚሸከመው የመቆረጥ ጫና 47 በመቶ ዝቅ ተደርጎ ተገምቶ ነበር። በዚያ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ የገባው ብረት አልበቃም። በኋላ በጥንቃቄ የተሠራ ስሌት ግድግዳው በ62 ሜትር ጥልቀት ላይ እንደሚሰበር አሳየ፤ የተሰበረው በ65 ሜትር ላይ ነው።

ይህ የቬክተር ተራ የተዛባበት ጉዳይ አይደለም፤ የሜሽና የግምት ስህተት ነው። እዚህ ያነሳሁት ሁለቱ ስህተቶች አንድ ጠባይ ስለሚጋሩ ነው። ኮምፒውተሩ በሁለቱም ሥራውን ይጨርሳል። በሁለቱም ቁጥር ይሰጣል፣ ሥዕል ይስላል። የተጠየቀው ሒሳብ ተሠርቷል፤ የተጠየቀው ግን መጠየቅ የነበረበት አልነበረም። በኮንሰልቲንግ የሚሠሩ መሐንዲሶች ከሁሉ የሚፈሩት ስህተት ይህንን ነው። ተሰናክሎ የቆመ ፕሮግራም ቢያንስ እንደተሳሳተ ይናገራል። ጸጥ ብሎ የሚጨርሰው ግን ወደ ግንባታ ቦታ ሊደርስ ይችላል።

የእኔ ዥጉርጉር ምጣድ ያስተማረኝ ይህንን ነው። ከፍተኛውን፣ ዝቅተኛውንና አማካዩን አይቼ መርካቴ ስህተት ነበር። የረድፉ ተራ ቢገለባበጥ ሦስቱም አይለወጡምና። የመረመርኩት ሊሳሳት በማይችልበት በኩል ነበር።

ምጣድ ማሟሻ

በዚህ ሥራ የሠለጠኑ ሰዎች አዲስ ሜሽ ወይም አዲስ ላይብረሪ ሲይዙ እውነተኛውን ቁጥር ከማስገባታቸው በፊት የሚያደርጉት ነገር አለ። ውጤቱን አስቀድመው በደንብ የሚያውቁትን ነገር ያስገባሉ።

አንዱ ሙከራ የየነጥቡን አግድም ርቀት ራሱን እንደ ሙቀት መስጠት ነው። ሥዕሉ ከግራ ወደ ቀኝ እኩል እየደመቀ የሚሄድ ተዳፋት መሆን አለበት። አንድ ቁጥር እንኳ አግድም ርቀቱ ወደተለየ ቦታ ቢገባ ተዳፋቱ ላይ ጉብታ ወይም ጉድጓድ ይታያል። ቀጥ ያለ ለውጥን ቀላሉ ቁራጭ እንኳ ያለ ስህተት ስለሚይዘው በሥዕሉ ብቻ ሳይሆን በስሌትም ይመረመራል፤ ልዩነቱ ከኮምፒውተሩ የማጠጋጋት ስህተት በላይ መሆን የለበትም። ሌላው ያቺ ጎጆ ናት። ዶፍ ቁጥር 17ን 1 አድርጎ፣ ጉልላቷ የት እንደቆመች ማየት። የጠበቅንበት ቦታ ላይ ከሌለች ካርታውን አላወቅነውም። ሦስተኛው ያንኑ ስሌት በአንድና በ4 ፕሮሰሰር ማስኬድና ማነጻጸር ነው።

ሁሉም ጥቂት ደቂቃ ይወስዳሉ። ተማሪዎች ለማስረከቢያው ቀን ሲጣደፉ መጀመሪያ የሚዘሏቸውም እነዚህን ነው። እኔም ዘልያቸው ነበር። ከዚያ ምሽት በኋላ ግን አንድም ቀን አልዘለልኳቸውም፤ ማንም ተማሪ እንዲዘላቸው አልፈልግም። መሣሪያው በነጻ መጥቶልናል። መሣሪያውን የመመርመሩ ልማድ ግን አብሮት አይወርድም፤ ከሰው ወደ ሰው ነው የሚተላለፈው፤ ልናስተላልፈውም ይገባናል።

ተራውን ካስተካከልኩ በኋላ ሥዕሉን እንደገና ከፈትኩት። የጋለው የሽቦውን መንገድ ተከትሎ ይጠማዘዛል፤ ጠርዙ ቀዝቀዝ ብሎ በዙሪያው ተዘርግቷል። ላፕቶፑን ይዤ ወደ አክስቴ ሄድኩና አሳየኋት። ጥቂት አይታ ጣቷን ስክሪኑ ላይ ከግራው ጠርዝ አጠገብ አሳረፈች። እዚያ ጋ ያለው እንጀራ ሁልጊዜ ዘግይቶ እንደሚበስል ነገረችኝ። በሥዕሉም ከጠርዙ ሁሉ የቀዘቀዘው እዚያ ነበር።

ከዚያ ወደ ምጣዷ ተመለሰች። በማሰሻዋ አሰሰችው፤ ከቀኑ ሊጥ ትንሽ ቀንሳ አፈሰሰችና አክንባሎውን ደፋችበት። ይህቺ የምጣድ ማሟሻ ናት፤ ለገበታ አትቀርብም። አክስቴ ሙሉውን ሊጥ ከማፍሰሷ በፊት ይህቺን ሳታይ የጋገረችበትን ቀን አላስታውስም።